የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሐዘን ግጥም ሲነበብ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሞት፣ የፍቅርና የመለየት ግጥም ማንበብን ይመለከታሉ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የግጥም መድበል ስገዛ አላስችል ብሎኝ በአንድ ሌሊት እጨርሰዋለሁ። የሞትና የመለየት ግጥም የበዛበት ከሆነ ሲነጋ ልቤ ከብዶኝ እነሣለሁ፤ የቱ ግጥም ምን እንዳለ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም። ጥፋቱ ምኔ ላይ ነው?
*የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ መጠኑ ላይ ነው። ልብ ወለድ አንዱ ምዕራፍ ሌላውን እየጎተተ ይወስድዎታል፤ ግጥም ግን እያንዳንዱ በራሱ ተጀምሮ በራሱ ያልቃል። ሌላም ምክንያት አለ። ብዙው የአማርኛ ግጥም በወል ቤት የተገጠመ ነው፦ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ሲነገር ለየብቻ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) ሆኖ ከመካከሉ ስድስት ስድስት ይከፈላል። ይህ ምት ገጽ በገጽ ሲደጋገም ጆሮ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ቃሉን ትቶ ውዝዋዜውን ብቻ ይከተላል። ሲነጋ ክብደቱ ቀርቶ ቃሉ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

በአንድ መቀመጫ ከሦስት ግጥም አይለፉ። ከሦስቱ የሞት ግጥም አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት የሞት ግጥሞች ጎን ለጎን ሲነበቡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። ከተቻለ በምታቸው የሚለያዩትን ይምረጡ፤ ከወል ቤቱ ቀጥሎ አምስት አምስት ቀለም የሚሄደውን ሰንጎ መገን ቢያነቡ ጆሮዎ እንደገና ይነቃል።

እያንዳንዱን ግጥም ሦስት ጊዜ ያንብቡት። አንደኛው ንባብ በልብ ነው፤ የማያውቁት ቃል ቢያጋጥምዎትም ሳይቆሙ ይለፉ። ሁለተኛው በድምፅ ነው፤ አጠገብዎ ለተቀመጠ ሰው የሚያወሩ ያህል እንጂ ከዚያ ከፍ አይበል። ሦስተኛው በእርሳስ ነው። ስንኙ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት ያድርጉ። ከዚያ ግሦቹን ይፈልጉ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ወንድሜ ሄደ» እንላለን። ገጣሚው «ሄደ ወንድሜ» ካለ መርዶውን አስቀድሞ ስሙን ለቤት መምቻው፣ ስንኞቹ በድምፅ ለሚመሳሰሉበት መጨረሻ፣ አቆይቶታል ማለት ነው። ግሡ ቦታውን የለቀቀባቸውን ስንኞች ሁሉ ቢያሰምሩባቸው የግጥሙ ሐዘን የት የት እንደተቀመጠ በዓይንዎ ያዩታል። ቅጽሎቹን ይተዉአቸው፤ «መራራ»፣ «ጨለማ»፣ «ጥልቅ» የሚሉት በሁሉም መድበል ውስጥ አሉ፤ ብዙም አይነግሩዎትም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከመኝታ በፊት የሚነበበው የመጨረሻ ነገር የሞት ግጥም አይሁን። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለው አንድ ሰዓት ይሻላል። ሐይቁ ዳር መቀመጥ ከፈለጉ ግን የድምፁን ንባብ ለጠዋት ያድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ምድር የሚነፍሰው ነፋስ ወረቀቱንም ድምፁንም ይወስድብዎታል።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ አንድ የመለየት ግጥም አነበብኩለት። እሱ ተቀብሎ ሲያነበው ሌላ ግጥም ሆነብኝ። አንድም ቃል አልለወጠም። ማናችን ነን ልክ?
*ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ*

መልስ፦ ምናልባት ሁለታችሁም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ የሐዘን ግጥም ደግሞ በዚህ ክፍተት መጫወት ይወዳል። ግጥሙን ስላልላክህልን እኛ ለማሳያ ብለን ይህችን ሁለት ስንኝ ገጥመናል፦

ከመሄዱ በፊት፣ አንድ ቃል አለና፣
ጆሮዬ ተከፍቶ፣ ይጠብቃል ገና።

«አለና» የሚለውን አላልተህ አንብበው። ሰውየው ሳይሄድ አንድ ቃል ተናግሯል፤ ምናልባት «እመለሳለሁ» ብሏል፤ የቀረው ሰው ያ ቃል እስኪፈጸም ይጠብቃል። አሁን «ለ»ን አጥብቀው። ከመሄዱ በፊት የሚባል አንድ ቃል ገና አለ። ስለዚህ አልሄደም፤ ያንን ቃል ሳይናገር ሊሄድ አይችልም፤ ጆሮም የተከፈተው ለዚያ ነው። በላላው ንባብ ሞቱን ተቀብሎ የሚያስታውስ ሰው አለ፤ በጠበቀው ንባብ ሞቱን እምቢ ያለ ሰው አለ። የላላው ሰም ነው፤ ቶሎ የሚሰማው እሱ ነውና። የጠበቀው ወርቅ ነው።

ምቱ እንዲፈርድልህ አትጠብቅ። «አለና» ላልቶም ጠብቆም ሦስት ቀለም ነው፤ ስድስቱ አይጎድልም። («አንድ» ውስጥ ያለው «ድ» ከ«ቃል» ፊት ትንሽ ድምፅ ተቀብሎ እንደ አንድ ቀለም ይቆጠራል። ጮክ ብለህ ስትቆጥር ትሰማዋለህ፤ በዓይን የቆጠረ አምስት ብቻ ያገኛል።) የሚፈርደው ተከታዩ ነው። ቃሉን አላልተህ እስከ አርኬው (አንድ ላይ እስከተመደቡት ስንኞች) መጨረሻ ሂድ፤ ተመለስና አጥብቀህ ሂድ። ሁለቱም ሳይሰናከሉ ከዳር ከደረሱ ገጣሚው ሁለቱንም ፈልጓል። አንዱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትርጉም ካጣ እሱን ጣለው፤ ኅብር (ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል) የሌለበት ቦታ ኅብር መፈለግ የጀማሪ ቅኔ ፈቺ በሽታ ነው።

በዚህ ዓይነት ግጥም ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ጥቂት ቃላት አሉ፤ ባየሃቸው ቁጥር ቆም በል። «ይረሳል» ሲላላ ሰውየው ራሱ ይረሳል፤ ሲጠብቅ ሌሎች ይረሱታል። «ይሰማል» ሲላላ ጆሮ አለው፤ ሲጠብቅ ድምፅ አለው። ስለ መቃብር በተገጠመ ስንኝ ውስጥ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። «ይበላል»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ አፈሩ በላተኛ ነው፤ ሲጠብቅ የሚበላው አፈሩ ራሱ ነው። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግ፤ ሁለቱም የሚሆን ከመሰለህ ነጥቡን በክብ ውስጥ አስገባው።

ለሰው ስታነብ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማሰማት አይቻልም። መጀመሪያ አላልተህ አንብብ፤ ሁለቱን ስንኞች ድገማቸውና በሁለተኛው ላይ አጥብቅ። ከማንበብህ በፊት «እዚህ ጋ ቅኔ አለ» ብለህ አታስጠንቅቅ። የተነገረለት ቅኔ ግማሹ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፉ አርባ ቀናቸው ሊሞላ ነው። ወንድሞቼ በተዝካሩ ላይ ግጥም እንዳነብ ጠይቀውኛል። ከመጽሐፍ ልመርጥ አስቤያለሁ፤ መጨረስ አለመቻሌን ግን እፈራለሁ። እንዴት ልዘጋጅ?
*ከሐሙሲት*

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህታችን፤ የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ።

ከርዝመቱ እንጀምር። ከ12 እስከ 16 ስንኝ ይበቃል። አንድ የወል ቤት ስንኝ ዕረፍቱን ጨምሮ አምስት ስድስት ሰከንድ ይወስዳል፤ 16 ስንኝ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ድምፅሽ ቢቋረጥ እንኳ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ቦታው ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ከባረኩ በኋላ፣ ማዕዱ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። ጠላ ከተቀዳ በኋላ ግጥም የሚሰማ ድንኳን የለም። አልቃሽ ወይም ሙሾ የምታወርድ ዘመድ ካለች ደግሞ ከእሷ ቀጥለሽ አትነሺ። ሙሾ የሟቹን ስም፣ አገሩንና ሥራውን እየጠራ እዚያው ይገጠማል፤ ለቀስተኛውም ይቀበለዋል። ከመጽሐፍ የተወሰደ ግጥም አባትሽን አያውቃቸውም፤ ከሙሾው ጎን ሲቆም ባዶ ይመስላል። የአልቃሾቹን ድምፅ ለመኮረጅ መሞከርም አይጠቅምሽም።

ምርጫው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግጥሙን ለሟቹ እንዲስማማ መቀየር ላይ ነው። ለእናት የተገጠመን ለአባት ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ «እናቴ» እና «አባቴ» ሁለቱም ሦስት ቀለም ናቸውና። «ሄዳለች» ግን ሦስት ነው፤ «ሄዷል» ሁለት። እዚያ ስትደርሺ ስንኙ ያነክሳል፤ የሚያዳምጠው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ይሰማዋል። ቤት መምቻው «ናት» ላይ የተሠራ ከሆነ «ነው» ስትዪ ሁለተኛው ስንኝ ብቻውን ይቀራል። አንቺ ደግሞ አባትሽን በአክብሮት የምትጠሪ ነሽ፤ «ሄደዋል» ማለት ያምርሻል። ስለዚህ ሟቹን «አንተ» እያለ የሚያናግረውን ግጥም ተዪው፤ ቀይረሽ «እርስዎ» ብትዪው ምቱ ይፈርሳል፤ ሳትቀይሪ ብታነቢው ለራስሽም ጆሮ ይከብዳል። ስለ ሞት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ባዶ ቦታ የሚናገርና ማንንም በስም የማይጠራ ግጥም ፈልጊ። የአባትሽን ስም ከንባቡ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር አንቺ ራስሽ ጥሪው።

ከስልክ ላይ አታንብቢ፤ በድንኳን ውስጥ ብርሃን ስክሪኑ አይነበብም፣ ስልኩም መሐል ላይ ሊጠራ ይችላል። በትልቅ የእጅ ጽሕፈት፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ገልብጪው። በሁለቱ ሐረጎች (በስንኙ ሁለት ግማሾች) መካከል የሁለት ጣት ክፍት ቦታ ተዪ፤ በየሁለት ስንኙ አንድ መስመር ዝለይ።

ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በሁለተኛው ሐረግ ላይ ነው። ምክንያቱ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሰው በስንኙ መጀመሪያ ላይ የሳበውን አየር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀለሞች ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ከባዱ ቃልና ቤት መምቻው ደግሞ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የተውሽው ክፍት ቦታ ላይ ስትደርሺ አየር ሳቢ። ቢሰበርብሽም ሐረጉን ጨርሰሽ ቁሚ፤ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ዓይንሽን ከወረቀቱ አታንሺ። ስትመለሺ ከቃሉ መሐል ሳይሆን ከስንኙ መጀመሪያ ያዢ። አንድ ቅጂ ለወንድምሽ ልጅ ወይም ለሚቀርብሽ ሰው ስጪና አጠገብሽ ይቁም፤ እስከ 15 ተቆጥሮ ካልቀጠልሽ ከተከታዩ ሁለት ስንኝ ይቀበልሽ። ይህን ቀድሞ መስማማቱ ራሱ ፍርሃቱን ይቀንሳል።

ድምፅ ማጉያ ካለ ከአፍሽ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ትንሽም ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «በ»ና «ፐ» ይፈነዱበታል። ልምምዱ በቀን ሦስት ጊዜ ለአራት ቀን ቢሆን ይበቃል። በዕለቱ ጠዋት አትለማመጂ፤ እንባሽን ቤት ትተሽው ትሄጂና ንባቡ ደረቅ ይሆናል።

በዚያው ደብዳቤ ጎረቤትሽ «በሙስሊም ቤተሰብ ሐዘን ላይስ ግጥም ማንበብ ይቻላል ወይ?» ብላ ለጠየቀችው፦ እንደ ቤቱ ነው። በሰደቃው ላይ ግጥም ይነበብ እንደሆነ የቤቱን ታላቅ ጠይቂ፤ ካልፈቀዱ ጽፎ መስጠት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የትዝታ ዘፈን ግጥሞችን ጽፌ እሰበስባለሁ። እንደ ግጥም ሳነባቸው ግን ብዙዎቹ ይቀዘቅዙብኛል።
*ከዓባይ ማዶ*

መልስ፦ ዜማው ይሸከመው የነበረውን ጭነት ወረቀቱ አይሸከመውም። ተደጋጋሚውን አዝማች አውጥተው፣ እንደ «እህህ» ያሉትን ማሟያዎች ሰርዘው የቀረውን ያንብቡ። ከ20 ስንኝ አራቱ ቀጥ ብለው ከቆሙ ጥሩ ግጥም ይዘዋል፤ እነሱን ለብቻ ይጻፏቸው።

ጥያቄ፦ በቀብር ላይ ሊቃውንቱ ቅኔ ሲዘርፉ እሰማለሁ። ግእዝ አልችልም፤ ሰው ሲያደንቅ ብቻ አደንቃለሁ። ሳልማር ጥቂትም ቢሆን መረዳት እችላለሁ?
*ከዘጌ*

መልስ፦ ይችላሉ፤ የሚኖሩትም ቅኔ ከሚፈልቅበት ምድር ነው፤ ጎጃም ከታዋቂው የቅኔ ትምህርት ቦታ ከዋሸራ ጀምሮ የቅኔ አገር ነው። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። ቅኔ ከመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን ለዕለቱ አዲስ የሚቀርብ ስለሆነ ሳምንት ቆይተው ቢጠይቁ ባለቤቱም ሊዘነጋው ይችላል። ሥርዓቱ እንዳለቀ፣ ሰው ሲበተን፣ ወደ መሪጌታው ወይም አብሯቸው ወዳለ የቅኔ ተማሪ ይጠጉ።

የሚጀምሩት ከጉባኤ ቃና ይሁን። ሁለት ስንኝ ብቻ ስለሆነ በቃል ይያዛል፤ ተማሪውም በቅኔ ቤት መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። መወድስ ስምንት ስንኝ ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ ይረዝማል። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ ቃል በቃል ሲፈታ ምን ይላል? የተነሣበት ታሪክ የቱ ነው? ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ ነው? ብዙ ሰው ሦስተኛውን ብቻ ይጠይቅና ወርቁን በባዶ እጁ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለራሱ ምንም አይፈታም። በቀብር ቅኔ አንዱ ወገን የመጽሐፍ ታሪክ፣ ሌላው ወገን ሟቹ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱን መገናኛ ቃል ካወቁ የቀረው ይከተላል። ያንን ቃል ያስጽፉት። መቅዳት ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ከሞት ግጥም በቀር አያነብም፤ ደብተሩም በዚያው የተሞላ ነው። ልከልክለው?
*እናት፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ አይከልክሉት። በዚህ ዕድሜ የሞት ግጥም መውደድ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹ የሚወዱት ሞቱን ሳይሆን የቃሉን ክብደት ነው። ከተከለከለ ተደብቆ ያነባል፤ እርስዎም ምን እንደሚያነብ ማወቅ ያቆማሉ። ይልቁንስ «አንዱን አንብብልኝ» ይበሉት። ስለ ስንኙ፣ ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ገጣሚው ካወራዎት ግጥም እያነበበ ነው።

የሚያሳስበው ከግጥሙ ውጭ ያለው ነው። እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ የሚወዳቸውን ዕቃዎች ለሰው ማደል ከጀመረ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዛ፣ የሚገጥመው ስለ ሞት መሆኑ ቀርቶ ለእናንተ የስንብት ቃል ከመሰለ፣ ቆይ ነገ አይበሉ። «ራስህን ስለ መጉዳት ታስባለህ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ እፎይ ያሰኛል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካል ከቤት ያርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጸበል የሚያስቡ ከሆነ ከሕክምናው ጎን ይሁን እንጂ በቦታው አይተኩት።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በወር አንድ ጊዜ የሐዘንና የፍቅር ግጥም የምናነብበት ማታ ልንጀምር ነው። አንድ ጊዜ ሞክረን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ደከመን።
*መምህር፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ አንድ ዓይነት የሆነው ግጥሙ ሳይሆን ድምፃችሁ ይመስለናል። «የግጥም ድምፅ» የሚባል ነገር ለምዶብናል፦ ቤት መምቻው ላይ ሲደርሱ ማርገብገብና መጎተት። ስንኞቻችን «ና»፣ «ዬ»፣ «ሁ» በመሰሉ ክፍት ድምፆች ብዙ ጊዜ ስለሚያልቁ ለመጎተት ይጋብዛሉ። የተጎተተ ቤት መምቻ ግን ከሱ በኋላ ሊመጣ የሚገባውን ዝምታ ይበላዋል። ቃሉን በመደበኛ ርዝመቱ ተናግራችሁ ዝም በሉ፤ ሐዘኑ የሚሰማው እዚያ ዝምታ ላይ ነው።

ከስምንት ሰው አትብለጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ግጥም ያምጣ፤ በአንድ ማታ የሚነበበው ግን ከስድስት አይብለጥ። በፍቅር ግጥም ጀምሩ። ከባዱን የሞት ግጥም ሦስተኛ ወይም አራተኛ አድርጉት፤ መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ሰው ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቀላል ይሆናል። አንዱ እንደጨረሰ አታጨብጭቡ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ክርክር ከመክፈት «የቱን ስንኝ እንድገመው?» ይባል፤ የተመረጠውን ስንኝ ካነበበው ሰው ሌላ አንዱ ያንብበው። የመጥበቅና የመላላቱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ሁለተኛ ድምፅ ነው።

ከስልክ የዋሽንት ሙዚቃ ከሥር መልቀቁን ተዉት። ሙዚቃው የራሱ ፍጥነት አለው፤ አንባቢው ሳያውቀው ይከተለዋል፤ ዕረፍቶቹም ይጠፋሉ። ክራር የሚችል ሰው ካላችሁ በትዝታ ቅኝት በግጥሞቹ መካከል ይጫወት እንጂ ከንባቡ ጋር አይደርብ።

ቦታው ካፌ ከሆነ ከቡና ማሽኑ ራቁ፤ ሐይቁ ዳር ከሆነ ግድግዳ ከኋላችሁ አድርጉ፤ ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል። ከ12 ሰዓት በኋላ ትንኙም ስለሚወጣ በ10 ሰዓት ተኩል ብትጀምሩ ይሻላል። ግጥሙን ያመጣው ሰው ለሁሉም ቅጂ ይዞ ይምጣ፤ ቅጂው ግን ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ ይታደል። ቀድሞ ከታደለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይከተላል፤ የሚያዳምጥ አይኖርም።